ነፋስ መንገድ የሚጠፋበት ቤት

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ከዚያ ከክፉ ጊዜ በኋላ መሆኑን አውቃለሁ፤ መንገዱ ተከፍቶ መኪና መመላለስ ጀምሮ ነበርና። ኅዳር ይሁን ታኅሣሥ ግን ማል ብትሉኝ አልምልም። የልጄን ሚስት ብጠይቃት ወዲያው ትነግረኛለች፤ እሷ የምትረሳው ነገር የለም። ነገር ግን አንዴ ከጀመረች የረሳሁትን ብቻ ሳይሆን እንዲረሳ የምፈልገውንም ጨምራ ነው የምታስታውሰኝ። ስለዚህ ዓመቱ ይቅር። ብርድ እንደነበረ ይበቃል፤ በሰቆጣ ዙሪያ ደጋ ማለዳ ማለዳ ሣሩን አመድ የነሰነሱበት የሚያስመስለው፣ ጆሮና አፍንጫ የማን እንደሆኑ የሚያስረሳው ቁር።

እኔ በመንደራችን በሀብት የምታወቅ ሰው አይደለሁም። የምኮራበት ነገር ቢኖር ቤቴ ነበር። ትልቅ ሆኖ አይደለም። እንደማንኛውም ሰው ቤት ግድግዳው የድንጋይ ካብ፣ ጣራው አፈር ነው። የእኔን ከሌላው የሚለየው ቀዳዳ የሌለው መሆኑ ነው። ዝናቡ አባርቶ ሌላው ሰው ስለ አጨዳው ሲያስብ፣ እኔ ጭቃና ጭድ አቡክቼ ግድግዳዬን እዞራለሁ። መዳፌን በውኃ አርሼ በካቡ ላይ ቀስ እያደረግሁ አሳልፋለሁ፤ ቀዝቀዝ ያለኝ ቦታ ላይ ነፋስ አለ ማለት ነው፤ እዚያ ጭቃውን እመርጋለሁ፣ በላዩ እበት እለስናለሁ። ጣራው ላይ አባቴ ለጭስ መውጫ ብሎ የተሰበረ ማሰሮ አንገት የተከለባት አንዲት ቀዳዳ ነበረች። እሷንም ጠፍጣፋ ድንጋይ ጫንኩባት። አባቴ ብልህ ሰው ነበር፤ ስለ ብርድ ግን እንደ እኔ አልገባውም ብዬ ነበር የማስበው።

እንግዳ ሲመጣ ሁሉም ያደንቃል። «አንተ ቤት እኮ ነፋስ መንገድ ይጠፋዋል» ይሉኛል። ይህን ሲሉ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር፤ እኔ ግን ልብ አላልኩትም። ቶሎ ተነሥተው መሄዳቸውንም ሥራዬን ላለማስፈታት ያደረጉት ጨዋነት አድርጌ ወሰድኩት። «ምነው ትንሽ ብትቆዩ» እላለሁ ከመደቤ ላይ ሆኜ። እነሱ ግን ደጅ ወጥተው በረጅሙ ሲተነፍሱ ይሰማኛል።

በእኛ አገር ሰውን የሚጥለው ብርድ ነው። ወገብ ቢያም ብርድ ነው፣ ሆድ ቢነፋ ብርድ ነው፣ አንገት ቢደርቅም ብርድ ነው። እናም ሳሉ ሲጀምረኝ ማንን እንደምከስ ወዲያው አወቅሁ። ሳሉ ከብርዱ ጋር ይመጣና ከብርዱ ጋር ይሄዳል፤ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? የብርድ ወራት በሩ ተዘግቶ እሳት ከጧት እስከ ማታ መሐል ቤት የሚነድበት ወራት መሆኑን ያኔ ቢነግሩኝ፣ እንዴ፣ እሳቱ ባይኖር ኖሮ እስካሁን ሞቼ ነበር እል ነበር።

መድኃኒት አላነሰኝም። ዝንጅብል በማር ላስኩ፣ ፌጦ ጠጣሁ፣ ነጭ ሽንኩርት ያልበላሁበት ቀን አልነበረም፤ ሰው ሲያወራኝ ፊቱን ዞር ማድረግ የጀመረው በዚያን ጊዜ ነው። ይህ ሁሉ አልበጅ ሲለኝ የራሴን ፈጠርኩ። ሥራዬ ንብ ነው፤ ንብ ሲቆጣ ጭስ ሲሰጡት ይረጋጋል። ደረቴስ ውስጥ የሚጮኸው ነገር ለምን በጭስ አይረጋጋም? ፍም በገል አድርጌ፣ የወይራ ቅጠል ነስንሼበት፣ ጋቢዬን በራሴ ላይ ደፍቼ ታጠንኩ። የቻልኩትን ያህል ቆየሁ። ስወጣ ዓይኔ ቢላዋ የገባበት ይመስላል፣ አክታዬ ጥቁር ነው። ጥቁሩን አክታ ሳይ ደስ አለኝ። «ይኸው ብርዱ ወጣ» አልኩ።

በዚያን ጊዜ እቤት የነበርነው እኔ፣ ምራቴና አንዲት አህያ ነን። ልጄ ፍየል ነጋዴ ነው፤ በብርዱ ወራት ወደ ኒሯቅ ቆላ ይወርዳል። ባለቤቴ ካረፈች ቆይታለች። እኔ ባደግሁበት ቤት ምራት አማቷን ቀና ብላ አታይም፣ ፊት ለፊትም አታናግርም፤ ክብር ነው። ዓመታት ሲያልፉ ነገሩን የሚያላሉ ቤቶች አሉ፤ እኔ ግን ክብር እወዳለሁና በእኛ ቤት አልላላም። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች በመካከላችን መልእክተኛዋ እሷ ነበረች። እሷ ካረፈች በኋላ ሥራው ለአህያዋ ተላለፈ። ምራቴ የምትፈልገውን ለአህያዋ ትነግራታለች፣ እኔ እሰማለሁ። መልስ ካለኝ እኔም ለአህያዋ እነግራታለሁ። የምንባባለው በኽምጣኛ ነው፤ አማርኛውን እኔ ገበያ ላይ ነው የለመድኩት። ለእናንተ የማወራው ወደ አማርኛ መልሼ ነው፤ በእኛው ቋንቋ ከዚህም ይበልጥ ይናከሳል።

በታጠንኩ ማግስት ምራቴ ለአህያዋ ገለባ እየሰጠች፣ «አህዮ» አለቻት፣ «አንቺ እንስሳ ሆነሽ እንኳ አፍንጫሽን ወደ በሩ አዙረሽ ነው የምትተኚው። ለምን እንደሆነ ብትናገሪ ስንቱ ሰው በተማረ።»

«አህዮ» አልኩ እኔም፣ «በር በር የምታይ አህያ ጅብ ነው የሚበላት በያት።»

«ጅቡ እንኳ ሲበላ ደጅ አውጥቶ ነው» አለቻት።

አህያዋ ጆሮዋን አራገፈች። ከሦስታችን የተሻለ ትዕግሥት የነበራት እሷ ናት።

ቀፎዎቼ ከመንደሩ በላይ፣ ገደሉ ደረቱን ባወጣበት፣ የጧት ፀሐይ ቀድማ በምትደርስበት ጥግ ተደርድረዋል። አባቴም እዚያው ነበር የሚያስቀምጣቸው። ማሩን ለመቁረጥ ጭስ ያስፈልጋል፤ ደረቅ ኩበት በጨርቅ ጠቅልዬ እለኩስና በአፌ እፍ እያልኩ ጭሱን በቀፎው አፍ አስገባዋለሁ። የንብ ሰው ማለት ትንፋሽ ነው። እጅ ቢንቀጠቀጥ፣ ዓይን ቢደክም ይቻላል። እፍ ማለት ያቃተው ሰው ግን ቀፎውን ለሌላ ለቅቆ፣ ደጅ ላይ ተቀምጦ ፀሐይዋን ተከትሎ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ መዞር ነው የሚቀረው። እንደዚያ የሚዞሩ ሰዎች በመንደራችን አሉ። ሳያቸው ሁልጊዜ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ፈጠን ብዬ አልፋቸው ነበር።

ያን ዓመት ማሩ ደርሶ ወደ ላይ ወጣሁ። የመጀመሪያውን ቀፎ ከፈትኩ፣ ኩበቱን ለኮስኩ፣ እፍ አልኩ። አንድ ጊዜ ወጣልኝ። ሁለተኛው ላይ ሳሉ መጣ። ሳሉ ሲያልፍ ፍሙ ሊጠፋ ነው፤ እፍ ልል ደረቴን ስስብ የሚገባ ነገር የለም። ጉንጬን ብቻ ነፍቼ ቆምኩ። ንቦቹ እንደማውቃቸውና እንደሚያውቁኝ ጥቂት ጠበቁኝ፤ ይህን አልክድባቸውም። ከዚያ ትዕግሥታቸው አለቀ። ቀፎውን እንዴት እንደዘጋሁት አላውቅም። ስወርድ ፊቴ እንደ ዱባ አብጦ፣ አንድ ዓይኔ ተዘግቶ ነበር። አንድ ጎረቤቴ መንገድ ላይ አገኘኝና ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ማሩ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ገና ነው፣ አልደረሰም።»

«እነሱስ የደረሰ መስሏቸዋል።» ወደ ገደሉ አሻቅቦ አየና፣ «ቀፎዎቹን የምታስረክብ ከሆነ ለሌላ ሳትናገር ለእኔ ንገረኝ» አለኝ።

ያን ቀን ፊቴን ቅቤ እየቀባሁ ሳስበው፣ መነደፉ ምንም አይደለም፤ ቀልዱም ምንም አይደለም። የጎረቤቴ የመጨረሻ ቃል ግን ቀልድ አልነበረም። አጥብቆ ነው የጠየቀኝ።

ከዚያ በኋላ ትንፋሽ ማጠሬን ሰው እንዳያውቅብኝ አንድ ዘዴ አገኘሁ። የእኛ አገር ሰላምታ ረጅም ነው፤ እኔ ደግሞ ጨመርኩበት። አቀበት ላይ ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር እቆምና «እንዴት አደርክ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ከብቱ እንዴት ነው፣ አዝመራው፣ ውኃው፣ አማቶችህ» እላለሁ። እሱ እየመለሰ ሳለ እኔ ትንፋሼን እሰበስባለሁ። ልጅ የበዛለት ሰው ካገኘሁ ደስታዬ ነው፤ የእያንዳንዱን ልጅ ጤና በየተራ ስጠይቅ እስከሚቀጥለው መታጠፊያ የሚያደርሰኝ ትንፋሽ ይሞላልኛል። ልጅ የሌለው ከሆነ ስለ ዶሮዎቹ እጠይቃለሁ። ሰው የማይገኝበት ረጅም አቀበት ላይ ደግሞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ ዞሬ እሳለማለሁ፤ ቤተ ክርስቲያኑ የማይታይበት ቦታ ላይም ተሳልሜ አውቃለሁ።

ይህ ነገር ስሜን ከፍ አደረገው። «እሱ ሰው እንዴት ያለ ጨዋ ሆነ፣ ሲያረጅ ልቡ ሰፋ» ተባለ። የተጣላ ሰው ሁሉ ለሽምግልና ይጠራኝ ጀመር፤ ምክንያቱም ሌሎቹ ሽማግሌዎች ቃል ሲሻሙ እኔ ዝም ብዬ ሰዎቹን እስኪጨርሱ አዳምጣለሁ። የማዳምጠው ለመናገር ትንፋሽ ስለሌለኝ እንደሆነ ማን ያውቃል? ሁለት ባልና ሚስት አስታርቄአለሁ፤ በምን እንደተጣሉ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሰቆጣ ገበያ ማር የማስረክበው አንድ ሙስሊም ነጋዴ ወዳጅ አለኝ። አባቱም ከአባቴ ጋር ነበር የሚሠራው። አንድ የገበያ ቀን ሱቁ በር ላይ ደርሼ የበሩን መቃን ተደግፌ ሰላምታዬን ጀመርኩ። ስለ ልጆቹ ጠየቅሁ፣ ስለ ሱቁ ጠየቅሁ፣ ስለ ወንድሞቹ ጠየቅሁ። እሱ ለእያንዳንዱ «አልሐምዱሊላህ» እያለ መለሰ። ትንፋሼ ገና አልመጣምና ስለ ልጆቹ እንደገና ጠየቅሁ።

«አያ» አለኝ፣ «ስለ ልጆቼ ጠይቀኸኝ ጨርሰሃል። የዛሬው ሰላምታህ ከማርህ በዛ። አሁን ግባና ተቀመጥ፣ ምንም ሳትናገር ተንፍስ።»

ተቀመጥኩ። ውኃ ሰጠኝ። ጥቂት ቆይቶ ስኳር እየሰፈረ ሳያየኝ፣ «ምራትህ ባለፈው ገበያ መጥታ ነበር» አለ።

«ጨው ልትገዛ ነው የላክኋት።»

«ጨውም ገዝታለች። አንድ ነገር ደግሞ ነግራኝ ሄደች።»

«ምን አለች?»

«በቀጥታ ለእኔው ነው የነገረችኝ፤ አህያዋን አላመጣችም ነበር» አለና ሳቀ። የቤቴ ወግ ሰቆጣ መድረሱን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። «አማቴ አቀበቱን በሰላምታ ነው የሚወጡት አለችኝ። አገሩ ሁሉ ጨዋ ሆኑ ይላል፤ እኔ ግን ትንፋሻቸውን እሰማለሁ፤ እባክዎ ወደ ሐኪም ይውሰዱልኝ አለች። በል ተነሥ፣ ሱቁን ወንድሜ ይይዘዋል።»

እምቢ ለማለት ብዙ ቃል ያስፈልግ ነበር። ተነሣሁ።

ጤና ጣቢያው ያየችኝ ሐኪም ከጎጃም በኩል ተመድባ የመጣች ሴት ናት። አነጋገሯ ለስለስ ያለ ነው፤ እኔም የገበያ አማርኛዬን አስተካክዬ ለመናገር ሞከርኩ። ማዳመጫዋን ጀርባዬ ላይ አደረገች።

«በረጅሙ ይተንፍሱ አባባ።»

ተነፈስኩ።

«በረጅሙ።»

«ረጅሙ ይኸው ነው» አልኳት።

አክታዬን አስመረመረች፤ የሳንባ ነቀርሳ እንዳልሆነ ነገረችኝ። ከዚያ ተቀምጣ ትጠይቀኝ ጀመር።

«እሳት የሚነደው የት ነው?»

«መሐል ቤት ነው እንጂ።»

«መስኮት አለው ቤቱ?»

የምኮራበት ነገር ሲነሣ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። «መስኮት ምን ያደርጋል? ጥፍር የሚያስገባ ቀዳዳ የለውም። በገዛ እጄ ነው የደፈንኩት። በእኛ መንደር እንደ እኔ ቤት ያለ የለም።»

«ጭሱስ በየት ይወጣል?»

«በበሩ።»

«በሩ ሲዘጋ?»

«ሲዘጋማ አይወጣም።»

ነጋዴው ወዳጄ ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። እሷ አልሳቀችም። «ንብ አናቢ ነኝ ብለውኛል» አለች። «ቀፎ ውስጥ ጭስ አስገብተው መውጫውን ቢደፍኑት ንቡ ምን ይሆናል?»

«ይሞታል እንጂ። ማን ሞኝ ነው እንዲህ የሚያደርገው?»

ጥያቄው ወዴት ይሄድ እንደነበር የገባኝ ከተናገርኩት በኋላ ነው። እሷ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። የሳንባዬ ቱቦዎች ለረጅም ዓመት በጭስ ጠበዋል፤ ብርዱ ሲመጣ ደግሞ ይብስባቸዋል፤ እኔ ብርዱን ብቻ አይቼ ጭሱን አላየሁትም። በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጠችኝና አሳሳቡን አሳየችኝ። «ይሄ መንገዱን ይከፍትልዎታል» አለች። «እሳቱ ከቤት ካልወጣና ቀዳዳው ካልተከፈተ ግን እኔ የከፈትኩትን እርስዎ መልሰው ይደፍኑታል። እንዲህ ከቀጠለ ወደ ቀፎዎ መውጣት ቀርቶ ደጅ መውጣትም ያቅትዎታል።»

እሺ አልኳት። ከልቤ ነው እሺ ያልኳት።

በመመለሻዬ መኪና ውስጥ ቦታ ተገኘልኝ። መንገዱ አቧራ ነው፤ ሰው ጭንቅንቅ ብሎ ተጭኗል። ከፊቴ የተቀመጠ ጎልማሳ መስኮቱን ከፈት አደረገ። እኔ መድኃኒቱን በብብቴ እንደያዝኩ፣ የሐኪሟ ቃል ጆሮዬ ላይ እንዳለ፣ «እባክህ ዝጋው፣ ብርድ ታስመታናለህ» አልኩት። መኪናው ሁሉ ደገፈኝ። «ልክ ናቸው አባታችን» አሉ። መስኮቱ ተዘጋ። የሁላችንም ትንፋሽ፣ ከታች የሚገባው አቧራና የአንድ ሰው የፍየል ቆዳ ተቀላቅሎ፣ እኔ በእርካታ እያሳልኩ ቤቴ ገባሁ።

መድኃኒቱ ሠራ። ጥፋቱ እሱ ነው። በሳብኩት ቁጥር ደረቴ ከፈት ይልልኛል፣ እኔም «እንግዲህ ይህ ካለ ቀዳዳው ምን ያደርጋል?» አልኩ። የካርቶኑ ጽሑፍ የፈረንጅ ነው፤ የአማርኛ ቢሆንም ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ እንዲያውም ስለ ቀዳዳ የሚል ነገር አይኖርበትም ብዬ ወሰንኩ። እሳቱ መሐል ቤት፣ ድንጋዩ ጣራ ላይ፣ እንደነበሩ ቆዩ። በበሩ ሥር የሚገባውን ነፋስ ሳይቀር በጆንያ ደፈንኩት።

«አህዮ» አለች ምራቴ፣ «ሐኪሟ ምን አለች?»

«አህዮ፣ ሐኪሟ የጎጃም ሰው ናት፣ የእኛን ብርድ አታውቀውም በያት።»

ምራቴ ገለባውን አስቀምጣ ወጣች። አህያዋን እንኳ አላናገረቻትም። ለካ ከአህያዋ ጋር ማውራቷ ጥሩ ምልክት ኖሯል።

ከዚያ ያቺ ማለዳ መጣች። ውርጩ ደጁን ነጭ አድርጎታል። ምራቴ እሳቱን አንድዳ፣ አህያዋን ነድታ ውኃ ልትቀዳ ወረደች። ኩበቱ እርጥበት ነበረው መሰለኝ፤ ጭሱ ከወለል ተነሥቶ ጣራ ነካ፣ መውጫ ሲያጣ ወደ እኔ ወረደ። ሳሉ ያዘኝ። መድኃኒቱ ግድግዳው ውስጥ ባለችው መስኮት መሳይ ጎድጓዳ ላይ ነው፤ ከመደቤ ብነሣ እደርስበታለሁ። ተነሣሁና ወለሉ ላይ ተዘረጋሁ። ወደ በሩ ልሄድ አልኩ፤ በሩ ሥር፣ ምራቴ ስትወጣ መልሼ የወተፍኩት ጆንያ አለ። እኔው ራሴ፣ በደንብ አድርጌ፣ ረግጬ ረግጬ የደፈንኩት። ደረቴ ይስባል፣ የሚገባ የለም። ያን ጊዜ ቀልዱ ሁሉ ጠፋኝ። ልጄ ከቆላ ተመልሶ ባዶ መደብ ላይ ሲቀመጥ ታየኝ።

በሩ ተገፍቶ ተከፈተ። ጀሪካኑ ሲወድቅና ውኃው ሲፈስ ሰማሁ። ከዚያ ሁለት እጅ ብብቴ ሥር ገባ።

«አባቴ» አለች። «ይያዙኝ።»

ይህ ከእሷ አፍ በቀጥታ ወደ እኔ የመጣ የመጀመሪያው ቃል ነው። ጎትታ አወጣችኝ፤ ውርጩ ላይ፣ ነፋስ በሚነፍስበት ደጅ፣ ያለ ጋቢ አስቀመጠችኝ። በጭስ ሳልሞት በብርድ ልታስገድለኝ ነው አልኩ በልቤ። መከራከር ፈለግሁ፤ ለመከራከር ግን ትንፋሽ ይጠይቃል። በሕይወቴ ሳልከራከር የቀረሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ተመልሳ ገብታ መድኃኒቱን አመጣችና አፌ ላይ ያዘችልኝ።

«ይሳቡ። ያቆዩት። አሁን ይልቀቁት። እንደገና።»

ብርዱ እንደ ውኃ ገባ። ጉሮሮዬን አቃጠለኝ፣ ከዚያ ደረቴ ውስጥ ወረደ፣ ከዚያ ቦታ ተገኘለት። አልገደለኝም። ዕድሜዬን በሙሉ የሸሸሁት ነገር ገባና ወጣ፣ ገባና ወጣ። ቀና ስል ምራቴ ፊት ለፊቴ ተንበርክካ በቀጥታ እያየችኝ ነው። ቅንድቧ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ። በአንድ ጣራ ሥር ስንት ዓመት ኖረን፣ ያቺን ጠባሳ አይቼአት አላውቅም ነበር።

«እኔ እስከ ዛሬ ፊትዎን አላየሁም» አለች፣ ቀስ ብላ። «በትንፋሽዎ ነው የማውቅዎ። ቤቱን ከከፈለው መጋረጃ ወዲያ ሆኜ ሲተኙም ሲነሡም እሰማለሁ። ሲደክሙ አውቃለሁ። ደህና ነኝ ብለው ሲዋሹም አውቃለሁ። ባለፈውም ብርድ እንዲሁ ነበሩ፣ ዘንድሮ ባሰ። አሁን ልጅዎ ሲመጣ ምን ልበለው? ቤቱ ሙቅ ነበር ልበለው?»

አህያዋ እዚያው ቆማለች፤ እሷን ማየት ቃጣኝ፣ ተውኩት።

«ድንጋዩን አንሺው ልጄ» አልኳት፤ ለራሷ፣ በቀጥታ።

ወዲያው ጣራው ላይ ወጣች። ድንጋዩ ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ስለነበር በአካፋ ነው የነቀለችው። ሲነሣ ጭሱ እንደ ዓምድ ቀጥ ብሎ ወጣ። ያ ቀፎዎቼን የተመኘው ጎረቤቴ ጀሪካን ይዞ እየሮጠ መጣ።

«ቤቱ ተቃጠለ እንዴ?»

«አልተቃጠለም» አለችው ከጣራው ላይ ሆና። «የከረመ ጭስ ነው።»

በሳምንቱ የመንደሩ ሴቶች ተሰብስበው ከቤቱ ጎን፣ በነፋሱ አቅጣጫ፣ ዝቅ ያለ የድንጋይ ማድ ቤት ካቡላት። እሳቱ ወደዚያ ወጣ። እኔ ልረዳ ጭቃ ማቡካት ስጀምር ምራቴ እጄን አየችና፣ «አባቴ፣ ካቡ እንዲያው ክፍተት እንዳለው ይቆይ። እርስዎ ድንጋይ ማቀበል ይበቃዎታል» አለችኝ። ሴቶቹ ሳቁ። ጭቃውን ደፋሁት።

ብርዱን በሚመለከት፣ ውሸት አልናገርም፤ ይበርዳል። ማለዳ ስነሣ በጣራው ቀዳዳ ሰማዩ ይታየኛል፤ እሱም ያየኛል። ሁለት ጋቢ እደርባለሁ፣ ልጄ ያመጣልኝን የሱፍ ቆብ እስከ ቅንድቤ አወርዳለሁ። ሆኖም ብርድ ብርድ ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ሌላ ወንጀል አላገኘሁበትም። ማሳሉ ቀስ በቀስ ቀነሰ። ልጄ ከቆላ ሲመለስ ሚስቱና አባቱ ፊት ለፊት ተያይተው ሲያወሩ አገኘና በሩ ላይ ቆመ፤ የተሳሳተ ቤት የገባ መስሎት እንደነበር በኋላ ነገረኝ።

ያልተቆረጠው ማር ገና ቀፎው ውስጥ ነበር። ብርዱ ሳይወጣ አንድ ፀሐያማ ቀን ምራቴን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ። መንገድ ላይ ሲደክመኝ «ደከመኝ» ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ ቃሉን ማውጣት ከአቀበቱ ይከብድ ነበር። ሴት ቀፎ ትነካለች ወይ የሚል አጉረምራሚ አልጠፋም፤ እፍ የሚልልኝ ሌላ ካለ ይምጣ አልኩ፣ ማንም አልመጣም። ኩበቱን ለኮስኩላትና ነፋሱ ከጀርባዋ እንዲመጣ፣ ጭሱ ወደ እሷ እንዳይመለስ፣ የት እንደምትቆም አሳየኋት። እኔ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። እፍ አለች። አንድ ረጅም፣ እርጋታ ያለው እፍ። ንቦቹ ዝም አሉ።

«ቀስ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ አሁን ደግሞ» እላለሁ እኔ ከተቀመጥኩበት።

«አባቴ፣ ትንፋሽዎን ለራስዎ ያቆዩት» አለችኝ ሳትዞር።

ጭሱ ቀለል ሲል ጠራችኝ። ማሩን በራሴ እጅ ቆረጥኩ። ጎረቤቴም ስለ ቀፎዎቹ ዳግመኛ አልጠየቀኝም።

ትንፋሼ እንደ ወጣትነቴ አልተመለሰም፤ ሐኪሟም አይመለስም፣ ያለዎትን ይጠብቁ ብላኛለች። እጠብቀዋለሁ። ያን ብርድ እንዴት ተሻገርከው የሚሉኝ አሉ። አንዳንዱ መድኃኒቱ ነው ይላል። ነጋዴው ወዳጄ እኔ ነኝ ያዳንኩት እያለ ለደንበኛው ሁሉ ያወራል፤ አልነፍገውም፣ ድርሻ አለው። ያሻገረችኝ ግን የልጄ ሚስት ናት።